ስምንቱ ማዕበል

ኢንጋ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በዚያ ደሴት የሰው በር የሚያንኳኳ ቀራጭ ብቻ ነው። ከያዘችው ከረጢት አንድ ነጭ ነገር አወጣችና የአክስቷ የኦስላ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሾርባው ሳህን አጠገብ ወረወረችው።

«ይኼ ምን ይመስልሻል፣ አክስቴ?»

ኦስላ መነጽሯን አደረገች። በሹራብ መሥሪያ ሽቦ የተሠራ የዳንቴል ቆብ ነው፤ ክሩ የደሴቲቱ በግ ሱፍ። ጠርዙ ያምራል። ከጠርዙ ተነሥቶ ማዕበሉ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ ውኃ ከባሕር ዳር ሲመለስ አሸዋው ላይ ጥሎት የሚሄደውን መስመር ቁርጥ። አናቱ ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ነው። ማዕበሎቹ መሐል ላይ ተሰብስበው መጥፋት ሲገባቸው፣ ቦታ እንደጠበባቸው ሰዎች እየተገፋፉ ተኮማትረው ቆመዋል።

«ጎመን» አለች ኦስላ።

«ባሌም ያለው ይህንኑ ነው። ‹ከበግ ሥጋ ጋር እንቀቅለው?› ብሎ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።» ኢንጋ ግን አልሳቀችም። «ለነገ ሳምንት እሑድ ነበር። ለልጄ ክርስትና እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ቆብ አድርገን ልንገባ። የሕፃኗ ልክ ወጣ። የእኔን አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ ሠራሁት። መጽሐፉ እንዳለው ነው የቆጠርኩት፤ አንዲት የክር ዐይን አልሳትኩም።»

«የቱ መጽሐፍ?»

«የአዳራሹ ነዋ። ዊልማ ያሳተመችው። የእማዬ ስም ያለበት።» ስስ መጽሐፉን አወጣችና ቆቡ ላይ ደረበችው። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እማዬ መቁጠር አትችልም ነበር እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«ሱቅ የተሰለፉት ሴቶች ናቸው ያሉት። ‹ግርዚ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጅ እንጂ ጭንቅላት አልነበራትም› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ሁሉም ከመጽሐፉ ሠርተው ጎመን ወጥቶላቸዋል። እኔን ሲያዩ ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመሩ።»

ኦስላ መጽሐፉን ገለጠች። «የማዕበል ቆብ። የሟች ግርዚ ስፔንስ ፈጠራ። በሦስት መጠን፤ ለሕፃን ስምንት ማዕበል፣ ለልጅ ዘጠኝ፣ ለአዋቂ ዐሥር።»

«ዘጠኝ!» አለች። «ዐሥር!» ስድብ የምታነብ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ስንት ነው?» አለች ኢንጋ።

ኦስላ ካፖርቷን ከግድግዳው አወረደች። ባሏ ላውሪ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ አያት።

«ወዴት ነው እሱ? ፊትሽ የሰሜን ነፋስ መስሏል።»

«ዊልማ ቤት። እኅቴን ገደለቻት።»

«ግርዚ ከሞተች ሦስት ዓመቷ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ዛሬ ደግማ ገደለቻት!»

«እንግዲያው ሾርባሽን ክደኚውና ሂጂ» አለ ላውሪ። «እንደማይሽ ቶሎ የምትመለሺ አይመስለኝም።»

መንገዱ በባሕሩ አፋፍ ነው፤ ነፋሱ ከፊት ነበር። ኦስላ ጎንበስ ብላ እንደ በሬ እየገፋች ሄደች። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንደዚያ ቀን የነደደችበትን ጊዜ አታስታውስም። ማዕበሉ ስንት እንደሆነ ታውቃለችና። በዓለም ላይ በሕይወት ካሉት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ግርዚ አራት ክረምት ሙሉ ስትሠራና ስትፈታ ከርማ፣ አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ እርጥቡን ቆብ ሳህን ላይ ወጥራ፣ በመስኮት እየጮኸች ጠራቻት። ስምንቱ ማዕበል መሐል ላይ ገብተው ድምጥማጣቸው ጠፍቷል፤ ቋጠሮ የለ፣ እጥፋት የለ። «ከስምንት ሌላ አይዘጋም» አለች ግርዚ። «ዘጠኝ ብታደርጊ ይኮማተራል፣ ሰባት ብታደርጊ ይሾላል። ለትልቅ ራስ ማዕበል አትጨምሪ፤ ክሩንና ሽቦውን ነው የምታወፍሪው። ለሕፃን ነጠላ ክርና ቀጭን ሽቦ፣ ለአዋቂ ድርብ ክርና ወፍራም ሽቦ። ቁጥሩ ያው ነው። ትልቅም ትንሽም አንድ ባሕር ነው።» ይህን ያሰበች ሴት ናት ዛሬ መቁጠር አትችልም የተባለችው።

የዊልማ ቤት መተላለፊያ በመጽሐፍ ካርቶን ተሞልቷል። በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። ዊልማ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ የመንደሩ አዳራሽ ኮሚቴ ሊቀመንበር። የአዳራሹ ጣራ ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መጽሐፉ ተሸጦ ጣራው ሊከደን ነው።

«ኦስላ! ግቢ፣ ሻይ ልጣድ።»

«ሻይሽን አልፈልግም። የእኅቴን ስም አምጪ።»

«ምን?»

«ስሟን! ከዚህ ጉድ ላይ አውጪው!» መጽሐፉን ደረቷ ላይ ገፋችባት።

«በትልቁ እኮ ነው የጻፍኩላት» አለች ዊልማ ግራ ተጋብታ። «ከራሴ ስም በላይ። ሌላ ሰው ቢሆን ‹የራሴ ነው› ብሎ ባለፈ ነበር።»

«ምነው ብለሽ ባለፍሽ! ብትሰርቂኝ ይሻለኝ ነበር። በትልቁ ጽፈሽ በትልቁ አዋረድሻት! ደሴቱ በሙሉ ጎመን እየሠራ በግርዚ ይስቃል። ዐሥር ማዕበል! ማነው ዐሥር ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም።»

«እኮ!»

«እኮ ምን? ማንም አላለኝም! ችግሩ እሱ አይደል?» ዊልማ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፤ የአስተማሪነት ድምጿ መጣ። «ያን ዕለት አንቺው ወጥ ቤት ተቀምጬ፣ አንቺ የሕፃኑን ቆብ ስትሠሪ እያንዳንዱን ዙር ስጽፍ፣ ‹ለትልቅ ሰውስ እንዴት ነው?› ብዬ ጠየቅሁሽ። ዝም አልሽ። ደግሜ ጠየቅሁሽ፤ ምድጃውን መቆስቆስ ጀመርሽ። ሦስተኛ ‹ማዕበል መጨመር ነው አይደል?› አልኩሽ። ምን ብለሽ መለስሽልኝ፣ ኦስላ?»

ኦስላ የካፖርቷን ቁልፍ ቆለፈች።

«‹አስተማሪዋ አንቺ፤ ቁጥር የምታውቂው አንቺ› አልሽኝ። እኔም እንደ ሞኝ ቆጠርኩ።»

«ሠርተሽ ሳታዪ ታሳትሚያለሽ? ሽቦ ይዘሽ አላደግሽም?»

«የሕፃኑን ሠራሁት፤ አማረ። የቀረውን አንቺን አምኜ ተውኩት። ደሴቱ ላይ ከተሸጠው የተረፈው ሰኞ ጠዋት በጀልባ ይሄዳል፤ ሦስት መቶ ቅጂ፣ ለየሱቁ ቃል የተገባ። አሁን መጥተሽ ትጮሂብኛለሽ? ስምንት ወር ሙሉ የት ነበርሽ? ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› ይላሉ፤ ያውም ውሻው ከጅቡ ጋር ተስማምቶ!»

ኦስላ በሩን ልታላጋው ነበር፤ ነፋሱ ቀደማት።

ስትመለስ ነፋሱ ከኋላ ነበረ፤ ቁጣዋን የሚገፋላት ይመስላል። ዊልማ አፈ ጮሌ። ዊልማ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር። ዊልማ ባሕሩን እንኳ መስመር አስምራ የምትጽፍ። ይህን ሁሉ እየዘረዘረች ግማሽ መንገድ ሄደች። ከዚያ ግን፣ የበጎቹ በረት ጋ ስትደርስ፣ ልታስታውሰው የማትፈልገው ነገር ዱብ አለባት። ያን ዕለት ዊልማ ወረቀቷን ሰብስባ ከወጣች በኋላ፣ ኦስላ ብቻዋን ምድጃው ፊት ቆማ ሳቀች። «ዐሥር ማዕበል! ትሥራውና ታያታለች» ብላ። ድምጿ ሳይቀር ትዝ አላት። ዊልማ እንድትወድቅ ነበር ጉድጓዱን ያልከደነችው፤ የገባችበት ግርዚ ሆነች።

የዚያ ደሴት ሕዝብ ሥራን በአፍ አያስተምርም። እናት ልጇን አጠገቧ ታስቀምጣለች፤ በፈረስ ጭራ የታጨቀውን የቆዳ መቀነት ወገቧ ላይ ታስርላታለች፣ የሽቦውን ጫፍ እዚያ ትሰካላታለች፤ ስትሳሳት ጣቷን መታ፣ ስታገኝ ዝም። በአፍ የሚነገረው ለእንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ደግሞ ሁሉም አይነገርም። ኦስላ ሕይወቷን ሙሉ የኖረችው በዚህ ነው፤ ነውርም አይደለም። ታዲያ ኢንጋስ? ኢንጋ እንግዳ ናት? እናቷ ከሞተች ወዲህ ሦስት ክረምት «አክስቴ፣ የእማዬን ቆብ አሳዪኝ» ስትላት፣ «እጅሽ ራሱ ይደርስበታል፣ አትቸኩይ» እያለች መለሰቻት። አጠገቧ አላስቀመጠቻትም፤ መቀነቱንም አላሰረችላትም። ከግርዚ የቀረ፣ ሌላ ማንም የማይጋራት ነገር ያ ብቻ ነበር። ከጉንጯ ሥር እንደተያዘ ከረሜላ ይዛው ኖረች። ልጅቱ የእናቷን ሥራ ከዊልማ ወረቀት ልትማር የሄደችው ለዚህ ነው።

«ጅል!» አለች ኦስላ ጮክ ብላ። አንድ በግ ቀና ብሎ አያት። «አንተን አይደለም።»

እሑድ ጠዋት ጸሎት ቤት ገባች። መዝሙሩን ጥርሷን ነክሳ ዘመረች። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ ፊት ወንበር ላይ የዊልማን ማጅራት አየችና ድምጿ ቀረ። ጌታ ግን ከአፍ የሚወጣውን ብቻ ሳይሆን ጉሮሮ ላይ የቀረውንም ይሰማል፤ የዚያን ዕለት የሰማው የትኛውን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ከጸሎት በኋላ እንደወትሮው ሴቶቹ አዳራሹ ውስጥ ለሻይ ተሰበሰቡ። ከጣራው ሥር ሁለት ባልዲ ተቀምጧል። ዊልማ ስኒ እያደለች ነው፤ ኦስላ ጋ ስትደርስ ስኒውን አኖረችና ሳታያት አለፈች። ኢንጋ ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ማንም ስለ ቆብ አያወራም። ሁሉም ስለ ቆብ እንደማያወራ ግን ያስታውቃል።

ኦስላ ሌሊቱን ያሰበችው አንድ ዘዴ ነበር፤ ሽቦና ክር ይዛ መሐላቸው ትቀመጣለች፣ አናቱን ትዘጋላቸዋለች፣ አይተው ይረዳሉ፤ አንድ ቃል መናገር አያስፈልጋትም። ጠዋት ስትነቃ ግን ቀኑ ሰንበት መሆኑ ትዝ አላት። በዚያ ደሴት እሑድ ሽቦ አይነካም። ነገ ሲነጋ ደግሞ ካርቶኖቹ ጀልባ ላይ ናቸው። እጇ ታስሯል። የቀራት አፏ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለዚህ ነገር ተጠቅማበት አታውቅም።

ተነሣች። ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ስሙ» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ሻካራ ነበር። «የግርዚ ቆብ ስምንት ማዕበል ነው። ለሕፃንም ስምንት፣ ለልጅም ስምንት፣ ለአዋቂም ስምንት። ሰምታችኋል? ዘጠኝ የለም። ዐሥር የለም። ማዕበል አይጨመርም፤ ክርና ሽቦ ነው የሚለወጠው።»

ከጣራው አንድ ጠብታ ባልዲው ውስጥ ጠብ አለ።

«ታዲያ መጽሐፉ?» አለች አንዷ።

«መጽሐፉ ተሳስቷል።»

«ዊልማ ናታ የጻፈችው!» አለች ሌላዋ፤ ከወዲህም ከወዲያም ጉርምርምታ ተነሣ። «አላልኳችሁም? አስተማሪ መቼ ሹራብ ያውቃል!»

ዊልማ የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀይ ሆነች፤ ኦስላን አየቻት። እዚያ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ነገሩ በራሱ ሊጠናቀቅ ነው፤ ግርዚ ነጻ ወጣች፣ ዊልማ ተዋረደች፣ ኦስላ ወደ ቤቷ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ኦስላን አናደዳት።

«ዝም በሉ!» አለች። «ዊልማ ጠይቃኛለች። ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች፣ በገዛ ቤቴ። አውቄ ነው ያልነገርኳት። እንድትሳሳት ፈልጌ። ስትሄድም ሳቅሁባት።»

«እንድሳሳት?» አለች ዊልማ በዝግታ። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ቅዳሜ ቤቴ መጥተሽ ‹አዋረድሻት› እያልሽ ስትጮሂብኝ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ረስቼው ነበር። ሁለቱም።»

«ሦስት መቶ ቅጂ፣ ኦስላ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ምን ላድርገው? ልዋጠው?»

«እናርመዋለን። በእጅ።»

«ዛሬ? በሰንበት?» አለች አንዷ ደንግጣ።

እዚያ ያሉት ሁሉ ወደ እማማ ባቢ ዞሩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ በሰንበት ጉዳይ ከሰባኪው ይልቅ የሚፈሩት እሳቸው ናቸው። እማማ ባቢ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው አወጡ።

«ሽቦ ሥራ ነው» አሉ። «ኃጢአትን መጻፍ ግን ሥራ አይደለም። ለእሱማ ከእሑድ ሌላ ቀን የት አለ? እስክሪብቶ አምጡላት። ቢደክማት ደግሞ አታግዟት።»

ሁለት ሦስት ሴቶች ፈገግ አሉ። ዊልማ አልሳቀችም። ካርቶኖቹን ለማስመጣት ሰው ልካ፣ ከኦስላ ፊት ለፊት ተቀመጠችና የአስተማሪ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«‹እርማት› ብለሽ ጀምሪ» አለች። «‹በኅትመት ወቅት በተፈጠረ ስሕተት ምክንያት›…»

«በኅትመት ወቅት አልተፈጠረም።»

«እንደዚያ ነው የሚጻፈው!»

«እኔ የምጽፈው እንደሆነው ነው። ‹ለሁሉም መጠን ስምንት። ለሕፃን ነጠላ ክር፣ ለአዋቂ ድርብ ክር። ግርዚ ልክ ነበረች። የሚያውቀው ሰው አልተናገረም።› ሥሩ ኦስላ ብዬ እፈርማለሁ።»

«ኅዳጉ አይበቃም» አለች ዊልማ።

«ፊደሌን አሳንሳለሁ።»

ዊልማ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች። «እኔ ደግሞ ይቅር ብዬሻለሁ ብለሽ እንዳታስቢ።»

«አላሰብኩም።»

«ጥሩ።» አንድ ቅጂ ከፈተችና ዘጠኝና ዐሥር የሚሉትን ቁጥሮች በሁለት መስመር ሰረዘቻቸው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪል ድረስ ተጭና።

ካርቶኖቹ መጡ። ዊልማ ትሰርዛለች፤ ኦስላ ትጽፋለች። ሌሎቹ ሴቶች ስኒ እያጠቡ፣ እያንሾካሾኩ፣ አንድ በአንድ ሄዱ። ሃያኛው ቅጂ ላይ ስትደርስ የኦስላ ጣት ደነዘዘ፤ ለሽቦ እንጂ ለእስክሪብቶ የተፈጠረ ጣት አልነበረም። ቀና ስትል ኢንጋ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማለች። ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች።

«እኔስ?» አለች ኢንጋ።

ኦስላ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ዊልማን እንድትሳሳት ፈለግሽ፤ እሺ። እኔስ ምን አደረግሁሽ? ሦስት ክረምት ለመንኩሽ። ‹እጅሽ ይደርስበታል› ትይኛለሽ። እጄ ከየት አምጥቶ ይድረስበት? እናቴ መቁጠር የማትችል መስላኝ በገዛ አልጋዬ ላይ አፈርኩባት፤ ገብቶሻል? በሞተች እናቴ አፈርኩ!»

ዊልማ መሰረዟን አቆመች፤ ግን ቀና አላለችም።

«ለራሴ ብቻ እንዲቀር ፈልጌ ነው» አለች ኦስላ። ሌላ ቃል ፈለገች፤ የተሻለ ቃል አልነበረም። «ካንቺ ጋር ብካፈለው የሚጎድልብኝ መስሎኝ። የእኅቴ ነው፣ የእኔ ነው ብዬ። የእናትሽ መሆኑን እያወቅሁ።»

የኢንጋ ዐይን እርጥብ ነው፤ የኀዘን እርጥበት ግን አልነበረም። መሄድ የፈለገች መሰለች፤ ሕፃኗን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኙ አዛወረቻት። ክርስትናው ሰባት ቀን ቀርቶታል።

«ስንት ቁጥር ሽቦ?» አለች በመጨረሻ። ድምጿ እንደ ባለ ሱቅ ነበር።

«ለአንቺ ዐሥር ቁጥር። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ለሕፃኗ የሠራሽው ዐሥራ ሦስት ነበር። ነገ ነይና ላሳይሽ…»

«አልመጣም። ንገሪኝ።»

ኦስላ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አየቻቸው። ባዶ ናቸው፤ በራሳቸው መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር፣ ሽቦ እንደያዙ ሁሉ። ከጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው።

«ድርብ ክር» አለች። «ከጠርዙ ጀምሪ። አናቱ ጋ ስትደርሺ፣ በየሁለት ዙሩ ከእያንዳንዱ ማዕበል አንድ ዐይን ትውጫለሽ፣ ሁለቱን አንድ አድርገሽ…»

«ከግራ ነው ከቀኝ?»

በአፏ ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበርና ዐይኗን ጨፍና ማሰብ ነበረባት። ዊልማ አንድ ባዶ ወረቀት ወደ ኢንጋ ገፋችላት።

«ከግራ» አለች ኦስላ። «ሁልጊዜ ከግራ። ጻፊው።»